ካምቢዮው አልቋል ከመባሉ በፊት

ሶማሌ ተራ ለመለዋወጫ የሚሄድ ባለመኪና አብዛኛውን ጊዜ የዕቃውን ስም በብጣሽ ወረቀት አጽፎ ነው የሚሄደው። ወረቀቱን የሚጽፈው መካኒኩ ሲሆን ገንዘቡን የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። የተጻፈው ሻማ ወይም የዘይት ማጣሪያ ከሆነ መካኒኩ ተሳስቶ ቢገኝ እንኳ ጉዳቱ ያን ያህል አይከብድም። ‹‹ካምቢዮ›› የሚል ከሆነ ግን ስህተቱ የወራት ገቢን ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል።

ለአብነት ያህል አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ያላቸውን ባለንብረት መውሰድ ይቻላል። ሾፌሩ ማታ የቀኑን ገቢ ሲያስረክብ ‹‹ጋሼ፣ አንደኛና የኋላ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል›› ይላቸዋል። በማግስቱ መኪናው ሠፈር ውስጥ ካለው ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ የማርሹን ዘንግ ሁለት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አድርጎ ድምፁን ይሰማና ‹‹ካምቢዮው አልቋል›› ብሎ ይፈርዳል። ያገለገለ ካምቢዮ ይገዛል፤ የነበረው ይወርዳል፤ የተገዛው ይሰቀላል። በእነዚህ ቀናት መኪናው ቆሟል፤ ሾፌሩና ረዳቱ የዕለት ገቢያቸውን አጥተዋል፤ የዕቁቡ ቀን ግን አልቆመም። መኪናው ከጋራዥ ሲወጣ አንደኛው ማርሽ እንደ ቀድሞው ይጮኻል። በኋላ በሌላ መካኒክ ሲታይ ጥፋቱ ከካምቢዮው አልነበረም። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ታችኛው ፓምፕ ፈሳሹን እያንጠባጠበ አየር ያስገባ ነበር። መድኃኒቱ አነስተኛ የጎማ ለውጥና አየሩን ማስወጣት ብቻ ነበር።

‹‹ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ›› የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ ይስማማል። ካምቢዮ ተዘግቶ የሚሠራ ዕቃ በመሆኑ ውስጡን በዓይን ማየት አይቻልም። በዙሪያው ያሉት ፍሪሲዮን፣ የሞተር ሱፖርት፣ የማርሽ ገመድና ክሮቼራ ሲበላሹ ደግሞ ድምፃቸውና ንዝረታቸው ከካምቢዮው የመጣ ይመስላል። በዚህ የተነሣ የሌላው ጥፋት በካምቢዮው ላይ ይለጠፋል።

መኪናው ሲወደድ ስህተቱም ይወደዳል

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ወደ አገር ሲገቡ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ እንዲከፈልባቸው አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ቀደም ብለው የገቡት ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ሌሎችም ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ ይፈለጋል። መኪናው ባረጀ ቁጥር ካምቢዮውም አብሮ ያረጃል። ገዢው ያልመረመረውን ዕቃ ዕዳ አብሮ ይገዛል ማለት ነው።

በከተማው ገበያ የሚገኙት ካምቢዮዎች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው በሚኒባስ ታክሲዎችና በአይሱዙ የጭነት መኪናዎች ላይ የሚታየው ማንዋል ነው። ሁለተኛው በአሮጌ ኮሮላዎችና በመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ሦስተኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ በብዛት የሚይዘው ሲቪቲ ሲሆን፣ ይህ በጥርስ ፈንታ የብረት ቀበቶና ሁለት ፑሊ ይጠቀማል። አራተኛው በአንዳንድ ሱዙኪ ዲዛየሮች ላይ ያለው ነው። እርሱ ከውጭ ሲያዩት አውቶማቲክ ይምሰል እንጂ ውስጡ ማንዋል ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚቀይረው በሾፌሩ ፈንታ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። የአንዱ ዓይነት ፍተሻ ለሌላው ስለማይሠራ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ማንዋል፦ አራት ቀላል ፍተሻዎች

የመጀመሪያው ፍተሻ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን አንድ በአንድ ማስገባት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም ማርሽ ያለ ችግር እየገባ፣ ሞተሩ ሲነሣ ግን አንደኛውና የኋላው የሚጮኹ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሪሲዮኑ ነው። ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ አልለየውም ማለት ነው። የሚታየውም የፍሪሲዮኑ ፈሳሽ መጠን፣ የላይኛውና የታችኛው ፓምፕ፣ በገመድ የሚሠራ ከሆነም የገመዱ ውጥረት ነው። የባለ ሚኒባሱ ገንዘብ የባከነው ይህ የአምስት ደቂቃ ፍተሻ ባለመደረጉ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም አልገባ የሚል ከሆነ ወደ ማርሹ ዘንግና ገመድ፣ ከዚያም ወደ ካምቢዮው ውስጥ ይኬዳል። ጩኸቱ ወደ አንድ ማርሽ ብቻ ሲቀየር የሚሰማ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወረድ፣ የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ማለትም ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት ተበልቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

ሁለተኛው የጆሮ ፍተሻ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ እያለ የሚያጉረመርም ድምፅ ቢኖርና ፍሪሲዮኑ ሲረገጥ ድምፁ ቢጠፋ የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ጸጥ ብሎ ሲረገጥ የሚጮኽ ከሆነ ጩኸቱ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱንም ለመቀየር ካምቢዮው መውረዱ አይቀርም፤ ሁለተኛው ግን ካምቢዮውን መክፈት አያስፈልገውም። ሒሳቡም የዚያን ያህል ይለያያል።

ሦስተኛው የመንሸራተት ፍተሻ ነው። ዳገት ላይ የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ብዙ ሰው ‹‹ካምቢዮው አልስብ አለ›› ይላል። በማንዋል መኪና ላይ ግን እንዲህ የሚያደርገው ያለቀ ወይም ዘይት የነካው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ለማረጋገጥ ሰው በሌለበት ሜዳ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። እየሠራ ከቀጠለ ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ሸራውን ስለሚያግለው ሙከራውን መደጋገም አይገባም።

አራተኛው በጉዞ ላይ ማርሽ የሚተፋ መኪና ፍተሻ ነው። እዚህ ላይ ካምቢዮው በእርግጥ ሊጠረጠር ይገባል፤ የተበላ ጥርስ ወይም የላላ ሹካ ሊኖር ይችላል። ቢሆንም የሞተሩ ሱፖርት ተሰብሮ ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው የሚወዛወዝ ከሆነ የማርሹን ዘንግ እየጎተተ ጤነኛውን ማርሽ ሊያስተፋው ስለሚችል መጀመሪያ የሚታየው ሱፖርቱ ነው። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ከመኪናው ሥር ‹‹ኳ›› የሚል ድምፅ ደግሞ በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪናዎች ላይ ብዙ ጊዜ ከላላ ክሮቼራ ይመጣል።

አውቶማቲክ፦ ዘይቱ ይናገራል

በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ግፊቱ ማርሹን ይቀይራል፣ ኃይልን ያስተላልፋል፣ ሙቀትንም ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ምርመራው ከዘይቱ ይጀምራል። መለኪያ ዘንግ ባላቸው ብዙዎቹ መኪናዎች ላይ መጠኑ የሚታየው ካምቢዮው ከሞቀ በኋላ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሆንዳን የመሰሉት ግን ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሚለኩት። መለኪያ ዘንግ የሌላቸውም ስላሉ የመኪናውን መመሪያ ማየት ተገቢ ነው።

ጤነኛው የተለመደ የአውቶማቲክ ዘይት ቀይና ጥርት ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው በውስጡ ያሉት ሸራዎች በሙቀት ተጎድተዋል። ወተት የገባበት ሮዝ የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል። የብዙ መኪናዎች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ሲሆን ቱቦው ሲበሳ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ። ይህ ሲታይ መኪናውን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ መንዳት ጉዳቱን ያብሳል። በዘይት መያዣው ሥር ባለው ማግኔት ላይ ስስ ግራጫ ልቃቂ መገኘቱ የተለመደ መበላት ነው፤ የብረት ስንጣሪ ከተገኘ ግን ካምቢዮው መከፈቱ የማይቀር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰዓት ፍተሻ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ የእጅና የእግር ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ከዜሮ ወደ ‹‹ዲ›› ይዛወራል፤ መኪናው ነካ እስኪያደርገው ድረስ ያለው ጊዜም ይቆጠራል። ቶዮታ ለብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎቹ ያወጣው የጥገና መመሪያ ከዜሮ ወደ ‹‹ዲ›› ከ1.2 ሴኮንድ፣ ከዜሮ ወደ ኋላ ማርሽ ከ1.5 ሴኮንድ በታች መሆን አለበት ይላል። ሁለትና ሦስት ሴኮንድ አስጠብቆ በኃይል የሚገፋ መኪና የዘይት ማነስ፣ የግፊት መድከም ወይም የሸራ ማለቅ አለበት። ወዲያው የሚገባ ሆኖ ነገር ግን በኃይል የሚመታ ከሆነ ደግሞ ሱፖርቱና የሞተሩ ዙር ከፍ ማለት አስቀድመው ይታያሉ።

የኮምፒዩተር ምርመራም በአግባቡ መነበብ አለበት። ‹‹ፒ 0700›› የሚለው ኮድ የካምቢዮው መቆጣጠሪያ ጥፋት መዝግቧል የሚል መልእክት ብቻ ነው፤ ካምቢዮ ይቀየር አይልም። ከእርሱ ጋር ያሉትን ሌሎች ኮዶች ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ‹‹ፒ 0750›› የዘይቱን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ሶሌኖይድ ላይ ያለ ችግርን ያመለክታል። ሶሌኖይዱ ራሱ፣ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ካምቢዮው በአንድ ማርሽ ብቻ ተይዞ ፍጥነት አልጨምር ማለቱም ሁልጊዜ ሞት አይደለም፤ መቆጣጠሪያው ጥፋት ሲያገኝ ካምቢዮውን ለማዳን ሆን ብሎ እንደዚያ ያደርጋል። ሻማና ኮይል የደከመበት ሞተር የሚያሳየው መንቀጥቀጥም ከካምቢዮ ጋር ሲምታታ ይታያል።

ካምቢዮን የሚገድሉ ልማዶች

አንደኛው ገዳይ የተሳሳተ ዘይት ነው። ለሲቪቲ የራሱ ዘይት ተለይቶ ተሠርቶለታል። የተለመደው ቀይ የአውቶማቲክ ዘይት ሲገባበት ቀበቶው በሚገባ ስለማይዝ ይንሸራተታል፤ ከተንሸራተተ ይፋቃል። በማንዋልም ቢሆን ‹‹ባለ 90 ነው›› ማለት ብቻ አይበቃም። ‹‹ጂ ኤል 4›› እና ‹‹ጂ ኤል 5›› የሚባሉት ዘይቶች በቁጥር አንድ ቢሆኑ እንኳ የተጨመረባቸው ኬሚካል ይለያያል። ‹‹ጂ ኤል 4›› የሚጠይቅ ካምቢዮ ውስጥ ለዲፈረንሻል የተሠራው ‹‹ጂ ኤል 5›› ሲገባ ከመዳብና ዚንክ የተሠሩትን የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው ገመድ ነው። የተበላሸ መኪናን በገመድ እየጎተቱ መውሰድ በአዲስ አበባ መንገዶች የተለመደ ነው። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱን የሚረጨው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ነጂዎቹ ጎማዎች እየዞሩ ሲጎተት ውስጡ ያለ ዘይት ይፈጫል። በሞተር ችግር የቆመ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ሁለት ችግር ይዞ የሚገባበት ጊዜ አለ። ዘዴው ነጂዎቹን ጎማዎች ከመሬት አንሥቶ መጎተት ወይም በመኪና ላይ ጭኖ መውሰድ ነው።

ሦስተኛው የሾፌሩ እግርና እጅ ነው። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ እግርን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ መንዳትና ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ሸራውን ይበላል። ባለ ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ዲዛየር የያዘ ሾፌርም ዳገት ላይ በፍሬን ፈንታ በነዳጅ ይዞ ከቆመ የሚያቃጥለው ያንኑ ሸራ ነው። መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ወደ ‹‹ዲ›› መክተት፣ ተዳፋት ላይ የእጅ ፍሬን ሳይዙ በ‹‹ፒ›› ብቻ ማቆም፣ እጅን በማርሹ ዘንግ ላይ አሳርፎ መጓዝም ተጨምረው ይቆጠራሉ።

አራተኛው ጭነትና ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በዜሮ የሚወርድ የጭነት መኪና ትልቁን አደጋ የሚያመጣው በሰው ሕይወት ላይ ነው፤ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊያቅተው ይችላልና። በካምቢዮውም ላይ ቢሆን መኪናው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ዝቅተኛ ማርሽ በግድ ማስገባት ሲንክሮናይዘሩን ይሰብራል፤ የፍሪሲዮኑንም ሸራ ሊበታትነው ይችላል። ቆጠብኩ የተባለው ነዳጅ የዚህን ጥገና ወጪ አይሸፍንም።

ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መኪናውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማየት አለበት። ሻጩ አስነሥቶ፣ አሙቆ፣ በር ላይ ከጠበቀ ነገሩን ለሌላ ቀን ማድረግ ይሻላል። ሲቀዘቅዝ የሚዘገይ ሲሞቅ የሚስተካከል፣ ወይም ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚንሸራተት ካምቢዮ አለ። ስለዚህ ፍተሻው በሁለቱም ጊዜ መሆን ይኖርበታል። ደላላው ‹‹የኔ ወንድም፣ አውቶማቲክ ሁሉ ሲነሣ እንዲህ ነው›› ቢል ሰዓቱን መቁጠር በቂ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ የመንገድ ሙከራ ይቀጥላል። ሠፈር ውስጥ አንድ ዙር መዞር አይበቃም። ከለገሃር ወደ ፒያሳ የሚወጣውን የቸርችል ጎዳና ዳገት የመሰለ መንገድ መውጣት፣ ዳገቱ መሐል ቆሞ እንደገና መነሣት፣ ከዚያም ሰፊ መንገድ ላይ ፍጥነት መጨመር ያስፈልጋል። ዙር እያሻቀበ ፍጥነት የሚዘገይ ከሆነ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚመታ ከሆነ፣ ወይም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጠባዩ የሚለወጥ ከሆነ ዋጋው እንደገና መነጋገሪያ ይሆናል። ሲመለሱ መኪናውን ካርቶን ላይ አቁሞ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት መኖሩን ማየት ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው አነስተኛ ቁጥር እያሳየ የፍሬን መርገጫው ጎማ አልቆ ከተገኘ ደግሞ የሚታመነው የመርገጫው ምስክርነት ነው።

ምርመራው ተደርጎ ካምቢዮው በእርግጥ መቀየር ካለበት ለግዢውም ጥንቃቄ ያሻል። መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ካምቢዮ ሁሉ አንድ አይደለም። በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ ምሰሶ ላይ ባለው የመኪናው መለያ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የካምቢዮው ኮድ ይገኛል፤ ከሚገዛው ጋር መመሳከር አለበት። በውስጡ የቀረው ዘይት ሊታይና ሊሸተት ይገባል። ሳይሠራ ቢቀር በስንት ቀን እንደሚመለስና የማውረጃ ሒሳቡን ማን እንደሚችል ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መስማማት ይበጃል። አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦ ሳይታጠብ መግጠም የአሮጌውን የብረት ስንጣሪ ለአዲሱ ማጉረስ ነው።

አሁን እየገቡ ካሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኞቹ የሚቀያየር ማርሽም ፍሪሲዮንም የላቸውም። ይሁን እንጂ የዛሬው ሚኒባስ፣ አይሱዙና ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ቤተሰብ ያበላሉ። ስለሆነም ባለመኪናው ብጣሽ ወረቀቱን ከመቀበሉ በፊት መካኒኩን ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። ዘይቱን አየኸው? ሞተር አጥፍተህም አስነሥተህም ማርሾቹን ሞከርካቸው? ፍሪሲዮኑንና ሱፖርቱን አጣራህ? መልሱ ‹‹አዎ፣ ይኸው ላሳይህ›› ከሆነ ወደ ሶማሌ ተራ መሄድ ይቻላል። ‹‹እሱማ ድምፁ ያስታውቃል›› ከሆነ ግን ወረቀቱ እዚያው ቢቀር ይሻላል።